የጎማው ገንዘብ

ዘጠኝ ዓመት የሰው መኪና ነዳሁ። ከኮምቦልቻ በባቲ ወርጄ፣ ሚሌን አልፌ፣ በጋላፊ ተሻግሬ ጅቡቲ የገባሁበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም። መንገዱን ስለማውቅ ሥራውን ያወቅሁ መሰለኝ። የራሴን መኪና በገዛሁ በመጀመሪያው ዓመት ግን መንዳትና ባለንብረት መሆን የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን በዕዳ ተማርኩ።

የገዛሁት ያገለገለ ባለ 371 የፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ከነተሳቢው ነው። ገንዘቡ የደረሰኝ እቁብ፣ ባለቤቴ ደሴ ላይ የነበራትን ሱቅ የሸጠችበትና የባንክ ብድር ተደምሮ ነው። ምቾት ብፈልግ ኖሮ ሌላ እመርጥ ነበር። እኔ ግን የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በረሃ ላይ ቢቆምብኝ መለዋወጫውን የት አገኛለሁ? ይህ መኪና በየከተማው የሚያውቀው መካኒክ አለው። አንድ መኪና ላለው ሰው ከዚህ የሚበልጥ መመዘኛ የለም ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ነበር የጠበቀኝ። የሞቀ ሞተር ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ስለዚህ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ፤ እስከዚያ እንዳያስነሱት» ብዬ ሄድኩ። በማግሥቱ ሞተሩን በእጄ ነክቼ መቀዝቀዙን ካረጋገጥኩ በኋላ አስነሳሁት። ጭሱን አየሁ፣ የሻንሲውን፣ ማለት መኪናው የተሠራበትን ዋና ብረት፣ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ፣ ከሥሩ ተኝቼ ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት ፈለግኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሠርቻለሁ። ጎማዎቹን ግን በዓይን ብቻ አለፍኳቸው። ታጥበው ጠቁረዋል፤ ጥርሳቸውም አላለቀም ነበር። ጎናቸውን በጣቴ ብዳስስ ፀሐይ የሰነጠቀውን አገኘው ነበር። መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ 22 ጎማ ነው፤ የአንዱ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ የገዛ ያውቀዋል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ከእያንዳንዱ ጉዞ የተረፈኝን ሁሉ ትርፍ ብዬ ቆጠርኩ። ናፍታ፣ የረዳት አበልና የባንክ ክፍያ ሲቀነስ የቀረውን ወደ ቤት አስገባሁ፤ ጣሪያ አስቀየርኩበት። ከዚያ በሚሌና በጋላፊ መካከል፣ ቀትር ላይ፣ የተሳቢው አንድ ጎማ ፈነዳ። ጥንድ ሆነው ከሚሽከረከሩት አንዱ ነው። ቀድሞ አየሩ ጎድሎ ስለነበር ጎኑ በየዙሩ ሲተጣጠፍ ይግል ነበር፤ ጓደኛው ደግሞ የሁለት ጎማ ሸክም ብቻውን ይዞ ኖሯል። ብዙም ሳንሄድ እርሱም ተከተለ። የነበረኝ ትርፍ ጎማ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ቀን በዚያ ፀሐይ ተቀምጠን፣ በመጨረሻ በዱቤ፣ በተጠየቅኩት ዋጋ ገዛሁ። ረዳቴ አንድም ቀን አላማረረም። እኔ ግን ጣሪያዬን እያሰብኩ አፈርኩ፤ ያ ቆርቆሮ የተገዛው በጎማው ገንዘብ ነበርና።

ኮምቦልቻ እንደተመለስኩ ባለቤቴ ደብተር አወጣች። ሱቅ ይዛ የኖረች ሰው ናት፤ «መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሲያልቅ በምን ትተካዋለህ?» አለችኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የ22ቱን ጎማ ዋጋ ሊሄዱ በሚችሉት ኪሎ ሜትር አካፍለን፣ በየጉዞው የተሄደውን ያህል ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ እናስገባለን። ዘይት፣ ማጣሪያ፣ ፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራም እንደዚያው። ይህ ገንዘብ የመኪናው ነው፤ ልጅ ቢታመም እንኳ ከእርሱ ሳይሆን ከእቁብ እንበደራለን ተባብለናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ሲንር፣ በየጉዞው የምናስቀምጠውን እንደገና አስልተን ከፍ አደረግን። ያኔ በአሮጌው ሂሳብ የቀጠሉ ባልደረቦቼ ጎማ መግዣ አጥተው መኪና ሲያቆሙ አይቻለሁ።

ሌላው የደብተሩ ትምህርት የባዶ ጉዞ ነው። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበዛ ወደ ጅቡቲ ብዙ ጊዜ የምንወርደው ባዶ ነው። ከኮምቦልቻ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ ባዶውም ናፍታ ይጠጣል፣ ጎማ ይበላል። ደላላ የጭነት ዋጋ ሲጠራልኝ ቀድሞ የምመልሰው በመምጫው ብቻ አስልቼ ነበር። አሁን የደርሶ መልሱን ወጪ አስቀድሜ ነው አፌን የምከፍተው፤ ካልሸፈነ ኮምቦልቻ ቆሜ አድራለሁ። መቆም ያከስራል፤ ከስሮ መጫን ግን መኪናውንም ጨምሮ ይበላል።

ስለ ፍሬን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ይህን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ የምናውቅ እናውቀዋለን። ረዳት ሳለሁ ያሳደጉኝ ጋሼ «ልጄ፣ ሐረጎን በወጣህበት ማርሽ ውረደው፤ ፍሬን ለማቆሚያ ነው እንጂ ለመውረጃ አይደለም» ይሉኝ ነበር። «እሺ ጋሼ» እል ነበር፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ግን አንድ ቀን ከወልዲያ 400 ኩንታል እህል ጭኜ ስመለስ ነው። ቸኩዬ ነበር። በከፍተኛ ማርሽ እየወረድኩ ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩ። ያ ሁሉ ክብደት ሲወርድ የሚያወጣው ጉልበት መሄጃ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ካልያዘው ሙቀት ሆኖ ታምቡሩ ላይ፣ የፍሬን ሸራው በሚይዘው ከጎማው ጋር በሚዞር ብረት ላይ፣ ያርፋል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል መያዙን ይተዋል። የተቃጠለው ሸራ ጋቢና ውስጥ ሸተተኝ፣ መኪናውን ለመያዝም ፔዳሉን ከወትሮው ይልቅ ጠልቄ መርገጥ ነበረብኝ። ገና ፍጥነቱ ሳይበረታ ማርሽ ቀንሼ፣ የሞተሩን ፍሬን ይዤ፣ ሜዳ ያለበት ቦታ ደርሼ ቆምኩ። ረዳቴ የጎማ ማገጃ ታኮ ይዞ ዘለለ፤ ከዚያ የውሃ ጄሪካን አነሳ። «ተው!» ብዬ ጮህኩበት። የጋለ ታምቡር ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ከሁለት ሰዓት በላይ ዝም ብለን ተቀመጥን።

ከዚያ ወዲህ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሳልቆም አልወርድም። ጠዋት ጠዋት የፍሬኑን አየር ከሚይዙት ጋኖች የተጠራቀመውን ውሃ አፈሳለሁ፤ የፍሬኑንም ማስተካከያ በራሴ እጅ እፈትሻለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መኪናዬ ለሳምንታት ጭነት አልነካም። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማውራት አልፈልግም። የባንኩን ክፍያ ያሻገረን ለክፉ ቀን ለይተን ያስቀመጥነው የሦስት ወር ገንዘብ ነው።

አሁን ብድሩ አልቋል። ባልደረቦቼ «ሁለተኛ መኪና ግዛ» ይሉኛል፤ ባንኩም ያበድረኛል። ባለቤቴ ደብተሩን ገልጣ አሳየችኝ፤ በጎማው ሂሳብ ውስጥ ያለው የ17 ጎማ ዋጋ ነው። አምስት ይቀራል። ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወደ ሚሌ እንነሳለን፤ ረዳቴ ከአሁኑ ብረቱን ይዞ ከጎማ ጎማ እየዞረ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል።