የኔታ ተማሪያቸውን በምን ይይዙታል?

ጎጃም ውስጥ ቋንቋ ማስተማር የቆየ ሙያ ነው። ዲማ፣ ዋሸራና ጎንጅ የተባሉት የቅኔ ትምህርት ቤቶች ማንም አፉን ያልፈታበትን ግእዝ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየታገለ ዓመታት ይቀመጣል። የእንግሊዝኛ ተማሪ ግን ደወሉን ይጠብቃል። ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ይመስለኛል፤ የእንግሊዝኛ መምህርም ከቅኔ ቤቱ የሚወስደው አለ። (አለንጋውን አልጨምርም፤ እሱ እዚያው ይቅር።)

አንደኛ ነገር፣ የኔታ ራሳቸው ይቀኛሉ። ተማሪው ፊት አዲስ ቅኔ ሲዘርፉ ቋንቋው ሲሠራ ይታያል። ሰዋስውን በአማርኛ ብቻ የሚያብራራ የእንግሊዝኛ መምህር ግን ቋንቋው ለፈተና እንጂ ለአፍ እንዳልሆነ ሳያውቀው ያስተምራል። ክፍለ ጊዜው ሲጀምር 3 ደቂቃ ያህል የዕለቱን ወሬ፣ ስለ ዝናቡም ሆነ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ በቀላል እንግሊዝኛ ያውራ። ከመጽሐፍ ካነበበ አይቆጠርም።

ሁለተኛው መሰላሉ ነው። ግሥ ሳይገባው፣ ጉባኤ ቃና የተባለውን ባለ 2 ቤት (ስንኝ) አጭር ቅኔ ሳይቆጥር፣ ማለትም ራሱ ሳይደርስ፣ መወድስ የተባለውን ባለ 8 ቤት ቅኔ የሚሞክር የለም። ዘጠነኛ ክፍልን «አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ» ማለት ግን የተለመደ ነው፤ የሚመጣው ከጓደኛ ደብተር የተገለበጠ ነው። 2 ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ግን በየቀኑ።

ዋናው ነገር ነገራው ነው። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ቤት ቢሰበርበት እዚያው ይቃናለታል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ አይቻልም ይባላል። ይቻላል፦ በቀን 6 ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ፤ በ10 የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነጋገሩ፤ ቅኔ ቤትም ቢሆን ከፍ ያሉት የታችኞቹን ያስነግራሉ።

ሲታረም አንድ ስህተት ብቻ ይነካ። ልጁ «ዬስተርደይ አይ ጎ ቱ ማርኬት» ቢል «ዘ» የት ሄደች ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። «ዬስተርደይ?» ብሎ ዝም ማለት፣ በልብ እስከ 5 መቁጠር። አብዛኛው «ዌንት» የምትለዋን ራሱ ያመጣታል። መምህሩ ቀድሞ ከተናገራት ልጁ ራሱን ነቅንቆ ይቀመጣል፣ ነገም «ጎ» ይላል።

የቅኔ ቤቱ ማድነቂያ «ይበል!» ለተገባው ብቻ ይባል። ለሁሉም የሚጨበጨብበት ክፍል ውስጥ ጭብጨባውን የሚሰማው የለም። ተራውም ከኋላ ወንበር ይጀምር፤ ከፊት ከተጀመረ የኋለኞቹ ሳይደርሳቸው ፈተና ይመጣል።