እመቤቴ የእማማን አንደበት ፈታችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለጻድቃኔ ማርያም የተሳልኩት ሻማና ጥላ ብቻ አልነበረም። «ያየሁትን ለሰው እናገራለሁ» ብያለሁና የስለቴን ላድርስ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው፤ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች የሚያገግሙበት ክፍል ውስጥ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ነኝ። ሙያው አገራችን ውስጥ ገና አዲስ ስለሆነ ብዙው ሰው «ማሳጅ የምታደርገዋ» ነው የሚለኝ። ፊዚዮቴራፒስቱ ታማሚውን ያቆማል፣ ያራምዳል። እኛ ደግሞ ራሱ እንዲለብስ፣ ራሱ እንዲጎርስ፣ ፊቱን እንዲታጠብ እናለማምደዋለን። ልብስ ሲለበስ የደከመው እጅ ይቀድማል፤ ሲወለቅ ጤነኛው። የዛለውን ክንድ ይዞ ሰው ማንሣት ክልክል ነው፣ ትከሻው ከቦታው ይለቃል። ለልምምዱ ውድ ዕቃ የለንም። ባቄላ ከሳህን ወደ ሳህን እናስለቅማለን፤ ጣት ሲበረታ ወደ ሽምብራ፣ ከዚያም ወደ ምስር እንወርዳለን። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ የተኮማተረ እጅ ይብስበታል፤ ለብ ባለ ውኃ አፍታትተን ነው የምንጀምረው። የውኃውን ሙቀትም በጤነኛው እጅ እናስለካለን፣ የታመመው ቢቃጠል እንኳ ላይሰማው ይችላልና።

እማማ የመጡት ከመንዝ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የበግ ጠጉር ሲፈትሉ የኖሩ፣ ቤታቸውን በእንዝርት ያቆሙ ሴት ናቸው። ደም ግፊት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፤ ክኒኑን ግን «ደህና ነኝ» ብለው ካቆሙ ቆይተዋል። አንድ ጠዋት እሳት ሲያያይዙ ወደቁ። አፋቸው ተጣመመ፣ ቀኝ እጅና እግራቸው ከዳቸው። ጎረቤት መጋኛ ነው አለ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ግን በግራ በኩል የአንጎላቸው የደም ቧንቧ ተዘግቶ ተገኘ። የግራው አንጎል ቀኙን አካል ያዛል፤ የአብዛኛው ሰው ንግግርም እዚያው ነው። እማማ የምንላቸውን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም፤ ቃል ግን እምቢ አላቸው። አንድ ነገር ሊሉ ይጀምሩና እንባቸው ይቀድማል። እንደዚህ ዓይነቱን ልቅሶ ያላየ ሰው ዝምታ ቀላል ይመስለዋል።

ልጃቸው ጸበል ልውሰዳት አለ። እኔ ጸበል የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ያደግሁት በጻድቃኔ ጸበል ነው። የፈራሁት ሌላ ነው። ክኒኑን ዳግመኛ ያስቆማቸዋል ብዬ ፈራሁ፤ ግፊቱ ካልተያዘ ስትሮክ ተመልሶ ይመጣል። ደግሞም እማማ ያኔ በደንብ መዋጥ አይችሉም ነበር። ቀጭን ነገር ወደ ሳንባቸው ስለሚገባ ወፈር ያለ አጥሚት በማንኪያ ነበር የሚወስዱት፣ እሱንም ቀጥ ብለው ተቀምጠው። ጸበል በጣሳ ቢያጠጧቸውስ? ይህንን ሳስረዳው «እናንተ እኮ እምነት የላችሁም» አለኝ።

ይህቺ ቃል አንጀቴን በላችው። ማታ ቤቴ ገብቼ ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ወደቅሁ። «እመቤቴ፣ የልጁን ልብ አለስልሺልኝ። ለእሳቸውም አንዲት ቃል ስጪልኝ» አልኩ። ሌላ ለመለመን አቅሙም አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ የንስሐ አባታቸው ከአገር ቤት ሊጠይቋቸው መጡ። በሃይላንድ ጸበል ይዘዋል። አሁን አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ቄሱ ግን አስቀድመው እኔን አስጠሩኝና «አንቺ ልጅ፣ ምን አትንኩ ትያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ጠቀሱለት፤ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው የሚለውን። ጸበሉን ሳያጠጡ ረጯቸው፤ ግንባራቸውንና የዛለውን እጃቸውን እምነት ቀቧቸው። ክኒን እንዳይቋረጥ አዘዙ፤ ከጾሙም ፈቷቸው። ልጅየው ጉልበታቸውን ስሞ ተነሣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኑን በሰዓቱ የሚያስታውሰኝ እሱ ሆነ።

እኔ ሥራ ስጀምር ከታማሚዎቹ ጋር አባታችን ሆይ እላለሁ። አንድ ጠዋት የእማማን ቀኝ እጅ በጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ጸሎቱን እያልኩ ጣቶቻቸውን ሳፍታታ «እንዲሁም በምድር ትሁን» ላይ ስደርስ ሳል ያዘኝ። ከጎኔ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል እማማ ናቸው። አላቆሙም! «በደላችንንም ይቅር በለን» እያሉ እስከ አሜን አደረሱት፤ አንድ ቃል አልተሰበረም። ልጃቸው በሩ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት።

ሐኪሙ በኋላ አስረዳኝ። ከልጅነት ጀምሮ የተደጋገመ ጸሎት፣ ዜማ፣ ቁጥር መቁጠር በአንጎል ውስጥ መንገዱ ከዕለት ንግግር የተለየ ነው፤ ንግግር የጠፋበት ሰው እንኳ ጸሎቱን ሊደግም ይችላል። እውነት ነው፣ ከዚያ ወዲህ በሌሎችም አይቼዋለሁ። ታዲያ ምን ይሁን? ያንን መንገድ የሠራው ማን ነው? እኔ አንዲት ቃል ለመንኩ፣ እሷ ሙሉ ጸሎት ሰጠችኝ።

በማግሥቱ እንደ ድሮው ተናገሩ አልልም። «ውኃ» ለማለት ገና ይታገሉ ነበር። እኛም በጸሎቱና በመዝሙሩ እያስጀመርን ቃል በቃል ወጣን። ከራሳቸው ያወጡት የመጀመሪያ ቃል ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ጨው!» ለግፊታቸው ተብሎ አልጫ የሆነውን ሾርባ እየገፉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ጨው ግን አልሰጠናቸውም።

አሁን መንዝ ቤታቸው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ጠጉሩን ይይዝላቸዋል፣ እንዝርቱን የሚያሾረው ግራው ነው። ልጃቸው ሲደውል ስልኩን ይቀሙትና «ልጄ፣ በላሽ?» ይሉኛል። ለቀረው እጃቸው እናንተም በጸሎት አስቧቸው።

ስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።