ሰባት ወር ከፓይለቶች ጋር፦ ያነበብኩትና የምመክራችሁ

መስከረም ላይ ለራሴ ቃል ገባሁ። በሳምንት ሦስት ማታ፣ በማታ 15 ገጽ፣ ስለ ፓይለቶች እውነተኛ ታሪክ ብቻ። ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። ጄት ሲያልፍ አስተማሪያችን እንኳ ድምፁ እስኪርቅ ዝም ይል ነበር። አውሮፕላኖቹን ከልጅነቴ እወዳቸዋለሁ። ውስጣቸው ስለተቀመጠው ሰው ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።

እስካሁን ሦስት መጽሐፍ ጨርሻለሁ፣ አንድ አቋርጫለሁ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ በጣም ከበደኝ። «ስቶል» የሚለውን ቃል ሞተር ጠፋ ማለት ነው ብዬ 40 ገጽ ያህል በስህተት አነበብኩ። ለካ ጉዳዩ የክንፍ ነው። ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው አንግል ከልክ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ላይ ይላቀቃል፣ ክንፉም መሸከም ያቅተዋል። ሞተሩ እየጮኸ አውሮፕላኑ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። የተማሪ አትላስም አጠገቤ አይጠፋም።

የምትጀምሩ ከሆነ በአንትዋን ደ ሴንት-ኤግዙፔሪ «ዊንድ፣ ሳንድ ኤንድ ስታርስ» ጀምሩ። የ«ትንሹ ልዑል» ደራሲ ነው፤ ፖስታ የሚያመላልስ ፓይለት ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1939 ወጣ፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የአየር ላይ ውጊያ ፈልጌ ነበር የገዛሁት፤ የያዘኝ ግን የእግር ጉዞ ነው።

ጓደኛው አንሪ ጊዮሜ በሰኔ 1930 ፖስታ ጭኖ የደቡብ አሜሪካን የአንዲስ ተራሮች ሲያቋርጥ የበረዶ ማዕበል ያዘው። እዚያ ሰኔ ብርዱ የሚበረታበት ወር ነው። ሐይቅ ዳር ሲያርፍ አውሮፕላኑ ተገለበጠ። ሁለት ቀን ሥሩ ተጠለለ፤ ከዚያ ያለ በቂ ምግብ አምስት ቀን በበረዶ ውስጥ በእግሩ ሄደ። አንድ ቦታ ወድቆ መነሳት አቃተው። ሊተወው ሲል ሚስቱ ትዝ አለችው። ሬሳ ካልተገኘ የጠፋ ሰው በሕግ ሞተ የሚባለው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ የኢንሹራንስ ገንዘብ የለም። 50 ሜትር ፊት ለፊቱ አንድ ድንጋይ አየ። እዚያ ከደረስኩ በረዶው ሲቀልጥ ያገኙኛል ብሎ ተነሳ። ከተነሳ በኋላ ሁለት ሌሊትና ሦስት ቀን ተጓዘ። ዳነ። ይህን ክፍል አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አራተኛው ላይም አለቀስኩ።

የምን አውሮፕላን ነበር ብዬ ፈለግኩ። ፖቴዝ 25። በነሐሴ 1929 አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አውሮፕላንም ፖቴዝ 25 ነበር! ሁለት ክንፍ ተደራርቦ፣ ፓይለቱ ፊቱን ለንፋስ ሰጥቶ የሚነዳው። ከዚያ ማታ በኋላ የድሮ ፎቶዎቻችንን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ሴንት-ኤግዙፔሪ ራሱ በ1935 መጨረሻ ከመካኒኩ ጋር በሰሜን አፍሪካ በረሃ ወደቀ። የውሃ መያዣዎቹ ፈነዱ። የቀራቸው ትንሽ ቡና፣ ትንሽ ወይን ጠጅ፣ ጥቂት የወይን ፍሬና አንድ ብርቱካን ነው። ሲሄዱ ወደ ሰሜን ምስራቅ ያጋደለውን አቅጣጫ መረጠ፤ ጊዮሜን ያዳነው ያ አቅጣጫ ነው ብሎ። በመጨረሻ አንድ ቤዱዊን (የበረሃ ዘላን ዐረብ) ውሃ ሰጥቶ አዳናቸው። ጸሐፊው በሐምሌ 1944 ለጦር ቅኝት በረረና አልተመለሰም።

ሁለተኛው የጆን ባሮን «ሚግ ፓይለት» ነው። ቪክቶር ቤሌንኮ በመስከረም 1976 ሚግ-25 የጦር ጄት ይዞ ከሶቪየት ኅብረት ወደ ጃፓን የኮበለለበት ታሪክ ነው። ሃኮዳቴ ሲያርፍ ነዳጁ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ማኮብኮቢያው አልበቃውም፣ አልፎ ወጣ። ምዕራባውያን ይፈሩት የነበረው አውሮፕላን ሲፈታ አብዛኛው አካሉ ብረት፣ ኤሌክትሮኒክሱም በድሮው የቫክዩም ቱቦ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ፈጣን ንባብ ነው፤ በአምስት ማታ ያልቃል።

የሮበርት ሜሰን «ቺክንሆክ» የቬትናም ሄሊኮፕተር ታሪክ ነው። ቀኝ እጅ አንድ መሪ፣ ግራ እጅ ሌላ፣ ሁለቱ እግሮች ሌላ፤ አንዱን ስትነካ ሌሎቹን ማስተካከል አለብህ። አየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆምን የሚማርበት ክፍል ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጦርነት ግን ከባድ ነው፤ ከመኝታ በፊት አታንብቡት። ያቋረጥኩት በቁጥርና በሰንጠረዥ የተሞላ የሞተር መጽሐፍ ነው። ጊዜው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። በ1977ቱ የሶማሊያ ጦርነት በኤፍ-5 የጦር ጄት የተዋጉት ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ተይዘው 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረዋል። የጊዮሜ አምስት ቀን እንዲህ ከተጻፈ፣ የእሳቸው 11 ዓመት ስንት መጽሐፍ ይወጣዋል? የእኛን ሰዎች ታሪክ በዚህ ዝርዝር ማንበብ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ከደብተሬ ጀርባ ሌላ ነገር ጀምሬያለሁ። ጎረቤታችን ከአየር ኃይል ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። «ጋሼ፣ ሥራዎን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሁለት ማታ ቡና እየጠጣን አጫወቱኝ፤ ስድስት ገጽ ጽፌያለሁ። ገና ስለ ጎማ ነው ያወሩኝ። ለቅዳሜ ቀጥረውኛል፤ ሞተሩ ጋ እንደርሳለን ብለዋል።