«ቫያብል» አይደለህም ተባልኩ

ለገጣፎ ዳር ባለው ግቢያችን ጫጩት አስፈልፍዬ ለመሸጥ አስቤ ለአንድ አበዳሪ ተቋም የንግድ ዕቅድ አስገብቼ ነበር። በአማርኛ ለጻፍኩት ዕቅድ የመልስ ወረቀቱ እኔ በሌለሁበት ቀን በእንግሊዝኛ መጣ፤ ከስሜ በታች «ኖት ቫያብል» ከሚል ማስታወሻ በቀር ምንም አልተጻፈበትም። (እምቢታ በባዕድ ቋንቋ ሲነገር ሕመሙ ይቀንሳል ብለው ይሆናል።)

ባለቤቴ የጎረቤታችንን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጠርታ ብታስነብበው፣ ልጁ በስልኩ መዝገበ ቃላት ፈልጎ የመጀመሪያውን ፍቺ «በሕይወት ለመቆየት የማይችል» ሲል በሐዘኔታ አነበበላት። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። ቃሉ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ ሥሩ ቫይታሚን የሚለውን ስም ያስገኘው የላቲኑ «ቪታ»፣ ማለትም ሕይወት ነው፤ ሐኪሞችም ከማኅፀን ውጭ ሊኖር ለሚችል ፅንስ ይጠቀሙበታል። ስለ ንግድ ዕቅድ ሲነገር ግን «ያዋጣል» ከማለት አያልፍም። ልጁ ወደዚህኛው ፍቺ ሳይደርስ ባለቤቴ እሪ አለች።

ማታ ስገባ ግቢው ሰው ሞልቶበት፣ አንዳንዶቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አገኘኋቸው። አንዲት እናት አገጬን ይዘው «ልጄ፣ ጸበል ሞክረሃል?» አሉኝ። የዕድሩ ጸሐፊም መዝገቡን ታቅፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ፍጥነቱ ትንሽ አስከፍቶኛል።

ወረቀቱን አይቼ ነገሩ ሲገባኝ፣ ሁሉም ዶሮ ያሳደጉ ናቸውና በእንቁላል ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እንቁላል በማሽን 21 ቀን ሲታቀፍ፣ በ7ኛው ቀን ገደማ በጨለማ ክፍል መብራት ይበራበታል፤ የደም ሥር ካልታየበት ጫጩት አይወጣውምና ‹ቫያብል አይደለም› ተብሎ ይጣላል» አልኳቸው። ሴትዮዋ በጥሞና ሰምተውኝ ሲያበቁ ደረታቸውን መቱ፦ «ውይ ልጄን! ራጅ ሲያነሱህ የደም ሥር አጡብህ?»

ያልተፈቀደው ብድሩ እንደሆነ፣ እኔም ደህና እንደሆንኩ ደጋግሜ ከተናገርኩ በኋላ ነጠላው ቀስ በቀስ ተስተካከለ፤ ቡናም ተፈላ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሰው የዕድር ጸሐፊ መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን ገለጠና፣ «ለዕቅድ ዕድር አይከፈልም፤ አንተ ግን በሕይወት ካለህ የመስከረምና የጥቅምት ውዝፍ አለብህ» ብሎ ደረሰኝ መጻፍ ጀመረ።