ለሬዲዮ የተመቸው ኩርባ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ላይ የሩጫ ውድድር ሲኖር እኛ አማተር ሬዲዮኞች፣ ማለትም በሬዲዮ መገናኘትን ለሙያ ሳይሆን በፍቅር የያዝን ሰዎች፣ በበጎ ፈቃድ መልእክት እናቀብላለን። የምንጠቀምበት የ2 ሜትር ባንድ የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ክልል፣ ማለትም ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ያለው፣ ሞገዱ በአመዛኙ ቀጥታ ስለሚጓዝ ተራራ ሰንጥቆ አያልፍም። ስለዚህ ላይኛውንም ታችኛውንም ጓድ የሚሰማ ሰው ሐረጎ በሚባለው የመንገዱ ተራራማ ክፍል ላይ፣ በኩርባው ጠርዝ፣ ገደሉን ተደግፎ መቆም ይኖርበታል፤ ለሬዲዮ እጅግ የተመቸው ይህ ቦታ ግን የጭነት መኪና ሾፌር ሰው ይቆምበታል ብሎ የማይጠብቀው ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ለእኔ ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቢጫ አረንጓዴው ጨርቅ በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ተቀብሎ በሚታይ ብርሃን ስለሚመልስ በጉምና በማለዳ ጎልቶ ይታያል፤ ሲመሽ ግን ይህ ኃይሉ ያከትምና ሥራው የመኪናውን መብራት ወደመጣበት ለሚመልሰው ብርማ ጥብጣብ ይቀራል። ሁለቱም የሌሉበት ሰደርያ ጌጥ ነው።

በአሜሪካ፣ በፌዴራል ገንዘብ በሚደገፉ አውራ ጎዳናዎች ክልል ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2008 ጀምሮ እንዲህ ያለ ልብስ እንዲለብሱ በደንብ ተደንግጓል። እኛን የሚያከራክረን ግን መልበሱ ሳይሆን ጀርባው ላይ የሚጻፈው ነው። «አስቸኳይ» የሚል ቃል በትልልቁ እንዲሰፍር የሚፈልጉ አሉ። እኔ «የሬዲዮ በጎ ፈቃደኛ» ይበቃል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በከተማችን ሰደርያ ለብሶ መንገድ ዳር የቆመን ሰው ብዙዎች ትራፊክ ፖሊስ ይመስላቸዋል፤ ፒያሳ ላይ ስቆም ባለባጃጆች ልለፍ ወይስ ልቁም ብለው ይጠይቁኛል። የእኔ ድርሻ ግን የደከመ ሯጭ ያለበትን ቦታ ለአስተባባሪው ማሳወቅ እንጂ ተሽከርካሪ ማስቆም አይደለም፤ ሥልጣኑም የለኝም። (እውነቱን ለመናገር፣ ሰደርያውን ሲለብሱ ደረታቸው የሚነፋ ጓደኞችም አሉን።)

ከጽሑፉ ይልቅ ብዙም የማንነጋገርበት ልኩ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ማለዳ ላይ ብርዱ ሲጠና ሁሉም በሰደርያው ላይ ጃኬት ወይም ጋቢ ይደርባል፤ ያን ጊዜ ጨርቁም ጥብጣቡም ከሾፌሩ ዓይን ይሰወራሉ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ውድድር በወፍራም ጃኬት ላይ ያለችግር የሚጠለቅ ሰፊ ልክ እንዲታዘዝ፣ የእጅ ሬዲዮውም ጥብጣቡን እንዳይሸፍን ማንጠልጠያው ትከሻ ላይ እንዲሰፋ ጠይቄአለሁ።