ሩት ሆኜም ተከለከልኩ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ለገሃር አካባቢ ያለው ቢሯችን። የድሮው ኡቡንቱ ሰርቨር ዲስኩ ሊቀየር ስለሆነ የሲስተሙ ኮንፊገሬሽን ያለበት ኢቲሲ የሚባለው ፎልደር ባክአፕ መደረግ አለበት። ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር።

በራሴ ዩዘር ገብቼ ፋይሎችን አንድ ላይ የሚጠቀልለውን ታርን ለቀቅኩት። የፋይል ስሞች እየተግተለተሉ ሲወርዱ መሀል መሀል ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (አልተፈቀደልህም) ብቅ ይላል። ጥቂት ፋይል ቢቀር ምን ይመጣል አልኩ። ባክአፑ ተፈጥሯል፣ መጠኑም ደህና ነው።

ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ የነበሩት ጋሼ (የክፍላችን አንጋፋ ናቸው) «እስቲ የቀሩትን አሳየኝ» አሉ። አየናቸው። የሁሉም ሰው ፓስወርድ ሃሽ (ፓስወርዱ ተለውጦ የተቀመጠበት ኮድ) ያለበት ሻዶው የለም። ሱዶ (በሩት፣ ማለትም በሲስተሙ ሙሉ ባለሥልጣን፣ ስም ትእዛዝ ማስኬጃው) ለማን እንደተፈቀደ የሚወስነው ሱዶወርስም የለም፣ የኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያው) ፕራይቬት ቁልፎችም የሉም።

«ይሄማ ዶሮ የሌለው ዶሮ ወጥ ነው» አሉ ጋሼ።

እነዚህ ፋይሎች እያንዳንዳቸው ትንንሽ ስለሆኑ ቢጎድሉም መጠኑ ላይ አይታወቅም። ታር ግን ሲጨርስ 2 የሚል ኮድ (ስህተት ነበር ማለት ነው) መልሶልኝ ነበር። ማን አይቶት!

ሱዶ ጨመርኩ። ማንበቡ ተስተካከለ፣ አሁን ደግሞ መጻፉ እምቢ አለ። ባክአፑ የሚቀመጠው በኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ፋይል መጋሪያ) የተጋራ ስቶሬጅ ላይ ነው። ሩት ሆኜ «ፐርሚሽን ዲናይድ»! ስቶሬጁ የሌላ ማሽን ሩት ሲመጣበት ኖባዲ (ሥልጣን የሌለው ዩዘር) አድርጎ ነው የሚቆጥረው፤ ሩት ስኳሽ ይሉታል። እቤትህ ጌታ ነህ፣ ጎረቤት ግን የሚያውቅህ የለም።

ጋሼ ኪቦርዱን ተቀበሉኝ። ታር ፋይሉን ራሱ እንዳይጽፍ አድርገው ውጤቱን በቀስት ምልክቷ (>) ወደ ስቶሬጁ ላኩት። ቀስቷን የሚያስተናግዳት ሱዶ ሳይሆን የእኔው ሼል (ትእዛዝ የምጽፍበት ፕሮግራም) ነው፣ ስለዚህ ሩት ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሌላ ጊዜ በሱዶ ኢኮ (ጽሑፍ አውጪው ትእዛዝ) ኢቲሲ ውስጥ ልጽፍ ስል የምትከለክለኝ ይህችው ቀስት ነበረች፣ ስንቴ ረግሜያታለሁ መሰላችሁ።

አለቀ ብዬ ልነሳ ስል «ቆይ፣ ይሄን ፋይል ማን ማን ማንበብ ይችላል?» አሉ። 644 ነው፣ ማንም ያነበዋል ማለት ነው። ስቶሬጁን ደግሞ ሒሳብ ክፍሉም፣ ለልምምድ የመጡት ተማሪዎችም ይጠቀሙበታል። የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ ሃሽ አደባባይ አስጥቼው ነበር! ቶሎ ብዬ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው) አደረግኩት፣ ከዚያ የታሩን ዝርዝር ከፍቼ ሻዶው መኖሩን በዓይኔ አየሁ። ማኪያቶው በረዶ ሆኗል።