አያቴ ያመጡት 1280

ትናንት ማታ እዚህ ሚኒሶታ ከመኪናዬ ላይ በረዶ ስጠርግ የእኅቴ ልጅ ከሐዋሳ ደወለች። እዚያ ገና እየነጋ ነው፤ ከጀርባዋ የገብርኤል ድምፅ ማጉያ ቅዳሴ ያሰማል። መጥረጊያዬን ተደግፌ ቅዳሴውን ሳዳምጥ ልጅቷ ጥያቄዋን ሁለት ጊዜ ለመድገም ተገደደች።

«አጎቴ፣ የኤስኤቲ ውጤቴ አልወጣም። ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ነው። አንተ እዚያው አይደለህ? ሄደህ አናግርልኝ።»

ወዲያው እናቷ ስልኩን ነጠቀቻት። «ይህን ያህል ዓመት ኖረህ አንድ የምታውቀው ሰው የለህም?»

ኤስኤቲ የአሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚፈተኑት ፈተና ነው። የምታመለክትበት ኮሌጅ ደግሞ ያለው ማሳቹሴትስ ነው። ከእኔ ቤት ያለው ርቀት ከሐዋሳ እስከ ካርቱም ካለው ይበልጣል። ቢቀርብስ ምን ልል ነው? ግን ልስቅባቸው አልደፈርሁም። እኔ በተራዬ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ።

በ2009 ዓ.ም. ፈተናው ገና በወረቀትና በእርሳስ ነበር። ለመፈተን ከሐዋሳ አዲስ አበባ ድረስ ወጣሁ። ውጤቱ ወጣ፤ 1280፣ ከ1600። ላመለከትሁበት ኮሌጅ ላክሁት። ከዚያ በኋላ ግን የኮሌጁ ገጽ በየቀኑ «ውጤትዎ አልደረሰንም» ይለኝ ጀመር። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹን አንገቱን ቀብሮ የሚጠብቀውን ትልቁን ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ታውቁታላችሁ። ፒያሳ አጠገብ ባለው ኢንተርኔት ቤት እንደዚያ ሆኜ ቆምሁ። እርሱስ ቢያንስ አንጀት ይወረወርለታል።

የእኛ አገር ሰው ውጤት መጠበቅን ያውቅበታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲዘገይ የዩኒቨርሲቲው ጥሪም አብሮ ይዘገያል፤ አገር በሙሉ እኩል ይቆማል፤ ማንም ለብቻው አይቀርም። እዚህ ፈታኙ ሌላ፣ ኮሌጁ ሌላ ነው። አንዱ ቢዘገይ ሌላው ቀኑን አያራዝምም።

ጭንቀቱ ሲበዛ እንደ አገራችን ደንብ ለኮሌጁ አቤቱታ ጻፍሁ። ከላይ «ለተከበሩት»፣ መሐል ላይ ከሥሩ ተሰምሮ «ጉዳዩ፦»፣ ከዚያ ሁለት ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ። የአባቴ ጡረታ ምን ያህል እንደሆነ ገለጽሁ። ሰባት ወንድምና እኅት እንዳለኝ ከነዕድሜያቸው ዘረዘርሁ። የእግዚአብሔርን ስም አራት ጊዜ ጠራሁ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢገባ ኖሮ ጸሐፊዋን ያስለቅስ ነበር።

በማግስቱ ሁለት መስመር መልስ መጣ። «በዚህ ስም የደረሰን ውጤት አለ። ይህ ሰው እርስዎ ነዎት?» ከሥሩ የአያቴ ስም ተጽፏል።

ነገሩ ይህ ነው። ለፈተናው ስመዘገብ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን ውስጥ ፓስፖርቴን አይቼ አያቴን ጻፍሁ። ለኮሌጁ ሳመለክት ደግሞ ትራንስክሪፕቴን አይቼ አባቴን ጻፍሁ። ቤተሰባችን ስም እንደሌለው፣ አባቶች ብቻ እንዳሉት ለኮምፒውተር ማን ያስረዳዋል? ዕድሜ ልካቸውን በአውራ ጣት ቀለም የፈረሙት አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አሜሪካ ውስጥ 1280 አምጥተው ባለቤት ሲጠብቁ ከርመዋል።

የሚያሳፍረኝ ግን ስሙ አይደለም። ተቀበሉኝና በመስከረም ስደርስ፣ የመግቢያ ቢሮዋ ሴትዮ መታወቂያዬን አይታ ፊቷ በራ። «አንተ የሰባቱ ልጆች ወንድም ነህ! የአባትህ ጡረታ እንዴት ሆነ?» ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፤ ከኋላዬ ደግሞ አሥር ሰው ተሰልፏል። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ቢሮ በር ላለማለፍ በቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ዞሬ ሄድሁ። ፈረንጅ ሚስጥርህን ይጠብቃል የሚሏችሁን አትመኑ። ይጠብቃል፤ ግን ፋይል ውስጥ ነው የሚጠብቀው።

አሁን ለመጪዎቹ ልናገር። ፈተናው ከአሜሪካ ውጭ በፈረንጆቹ ከ2023 ወዲህ በኮምፒውተር ሆኗል፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣል። የአንዳንዱ ሰው ግን ለማጣራት ሊቆይ ይችላል። ያን ጊዜ ማመልከቻችሁን ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ውጤቱ ባይወጣም በቀኑ አስገቡት። ብዙዎቹ ኮሌጆች ተፈታኙ ራሱ የሞላውን ውጤት ይቀበሉና ዋናውን የሚጠይቁት ተማሪውን ከተቀበሉ በኋላ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም፤ የየኮሌጁን ገጽ አንብቡ። በወረርሽኙ ጊዜ ፈተናውን ትተው የነበሩት እንኳ ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝ በ2024 መልሰው ግዴታ ማድረጋቸውን አስታውቀዋል። የአምና ተማሪ የነገራችሁ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ለኮሌጁ ስትጽፉ አራት መስመር ይበቃል፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የማመልከቻ ቁጥር፣ የተፈተናችሁበት ቀን። የትውልድ ቀኑም በፈረንጆቹ ይሁን፤ በእኛ ከጻፋችሁት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅታችሁ ትገኛላችሁ። ስማችሁንም በሁሉም ቦታ በፓስፖርቱ ፊደል ጻፉ። «ውጤት አስለቅቃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ አሰናብቱት፤ እርማትን በገንዘብ የሚያፋጥን ሰው የለም።

ስለ ማመልከቻው መዝጊያ ሰዓት ደግሞ፤ የእኅቴ ልጅ 11፡59 የሚለውን ንጋት ላይ መስሏት እንቅልፍ ላለመተኛት ቡና አዘጋጅታ ነበር። እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 5፡59። ይህን ባልነግራት ቡናዋን ስትጠጣ በሩ ተዘግቶ ያድር ነበር።

ይህን ሁሉ በረዶ ላይ ቆሜ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። ልጅቷ ጻፈች፤ ስሟን ከፓስፖርቷ ጋር አመሳከረች፤ አመሰገነችኝ። እናቷ ስልኩን መልሳ ተቀበለች።

«እሺ ወንድሜ፣ ተባረክ። ለመሆኑ ሰውዬውን መቼ ታናግርልናለህ?»